የሻገተ እህል፣ የረጠበ ግድግዳ

(ሰኔ መጀመሪያ ላይ ደሴ ውስጥ ለአንድ የሰፈር እድር አባላት ያቀረብኩት ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት አሳጥሬዋለሁ።)

ደህና ናችሁ ወይ ወገኖቼ? ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ሼሆቻችንና ቀሳውስቶቻችን፣ ምርቃታችሁ አይለየን።

የእድሩ ሊቀመንበር ስለ ፈንገስ አውራልን ሲሉኝ ደስ ነው ያለኝ። ወቅቱ የእሱ ነውና። ክረምቱ እየገባ ነው። ደጋው ላይ የበልጉ ገብስ እየታጨደ ነው። ትንሽ ቆይቶ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ይለብሳል፤ ያሰጣነው ልብስ ሦስት ቀን አልደርቅ ይላል፤ ሌማቱ ውስጥ ያለው እንጀራ ነጭ ነጭ ማለት ይጀምራል። ይሄ ሁሉ ለእኛ የክረምት ጣጣ ነው። ሻጋታን እንጠየፈዋለን፣ እናራግፈዋለን፣ ቀለም እንቀባበታለን። በሽታ ያመጣብናል ብለን ግን አንፈራውም። ዛሬ የመጣሁት እንድትፈሩት ነው። የሚፈራውን ለይታችሁ እንድትፈሩት።

ሁሉም ፈንገስ ጠላት አይደለማ። ሊጣችንን የሚያቦካው እርሾ ውስጥ ፈንገስ አለ። ጠላውም ጠጁም የእሱ ሥራ ነው። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ በ1928 እ.ኤ.አ. ፔኒሲሊንን ያገኘው ከሻጋታ ነው። ስንቱን ሰው አዳነ። ስለዚህ ሻጋታ ባያችሁ ቁጥር አትደንግጡ። የትኛው ይገድላል፣ የትኛው ያሳምማል፣ የትኛው ምንም አይልም፤ እሱን እንየው።

ከራሳችን አገር ልጀምር። የ66ን ድርቅና የ77ን ረሃብ ያላየ ከወላጆቹ ሰምቷል። በሁለቱ መሃል የደረሰውን ግን ብዙ ሰው አያነሳውም። በ1970 ዓ.ም. ገደማ በወሎ ደጋ ግራ የሚያጋባ በሽታ ገባ። እግር ይደነዝዛል፣ ይወራል፣ ያቃጥላል። ከዚያ ይቀዘቅዛል። የእግር ጣት ይጠቁራል፣ ይደርቃል፣ በመጨረሻ ተቆርጦ ይወድቃል። የሞቱ ነበሩ። በሕይወት ተርፈው እግራቸውን ያጡም ነበሩ።

ሐኪሞች ሄደው መረመሩ። ችግሩ እህሉ ውስጥ ተገኘ። ከዚያ በፊት ዝናብ አጥሮ ስለነበር ገብሱ ሲዳከም በመሃሉ የሚበቅለው ስናር ማሳውን ወርሶታል። ስናሩን ደግሞ ኧርጎት የሚባል ፈንገስ ይዞታል። ሰው ገብስና ስናሩን አንድ ላይ አጨደ፣ አንድ ላይ ወቃ፣ አንድ ላይ አስፈጨ፣ በላ። ሌላ ምን ይብላ? ገና ከድርቅ የወጣ ሕዝብ ነው። ያገኘውን እህል አይመርጥም።

የኧርጎት መርዝ የደም ሥርን ያኮማትራል። ደም ከልብ ርቆ ወዳለው ጣት መድረስ ያቅተዋል። ደም ያልደረሰው አካል ይሞታል። የሚያጠቡ እናቶችን ደግሞ ወተታቸውን ያደርቅባቸዋል። የዛሬ ብዙ መቶ ዓመት አውሮፓም በዚሁ ፈንገስ አልቋል። እዚያ ፈንገሱ የሚይዘው ራይ የሚባለውን እህል ነበር፤ በሽታውንም የቅዱስ እንጦንስ እሳት ይሉት ነበር። በእኛም አገር በወሎ አላበቃም። በ2001 እ.ኤ.አ. በአርሲ ከገብስ ጋር ተያይዞ ሰው ጎድቷል።

የሚገርመው፣ ከዚሁ ፈንገስ የተገኘ ኧርጎሜትሪን የሚባል መድኃኒት አለ። ከወሊድ በኋላ ደም አልቆም ያላትን እናት ለማዳን በየሆስፒታሉ ሲሰጥ ኖሯል። መጠኑና ሰዓቱ በባለሙያ ሲለካ ያድናል። እንጀራ ውስጥ ሲገባ እግር ይቆርጣል።

እናቶች፣ አሁን የምለውን ልብ በሉልኝ። ገብስ ስትለቅሙ ሰፌዱን ወደ ብርሃን አዙሩት። ኧርጎት ከገብሱ ፍሬ ረዘም ይላል፣ ትንሽ ጎበጥ ይላል። ቀለሙ ጥቁር ሆኖ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። በጨረፍታ ሲያዩት የአይጥ ኩስ ይመስላል። በጥፍራችሁ ስትሰብሩት ግን ውስጡ ነጣ ያለ ነው። እሱን ካያችሁ ያ እህል እንዲሁ ወፍጮ ቤት አይሂድ። ጨው በደንብ በበዛበት ውሃ ውስጥ ብትነክሩት ኧርጎቱ ይንሳፈፋል፣ ደህናው ገብስ ይዘቅጣል። የተንሳፈፈውን ገፋችሁ ጣሉ፤ ቀሪውን በንጹሕ ውሃ አጥባችሁ አድርቁ። ብዙ ከሆነ ግን ለግብርና ባለሙያው አሳዩት። ለዘርም አታስቀሩት።

እንክርዳድን ለቅመን እንጥላለን፤ እንደሚያዞር ስለምናውቅ። ስናርን ግን እንታገሰዋለን፤ እሱም ይበላል ብለን። ነገሩ የሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ነው። ዝናብ በተዛባ ቁጥር ስናሩ ይበዛል። የዝናብ መዛባት ደግሞ ለወሎ እንግዳ አይደለም።

ኧርጎት ቢያንስ ለዓይን ይታያል። ሁለተኛው መርዝ አይታይም። በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ አገር ተርኪ የሚባሉት ትልልቅ ዶሮዎች በሚያስደነግጥ ፍጥነት ያልቁ ጀመር። ከ100 ሺህ በላይ ሞቱ። ሲጣራ መኖአቸው ውስጥ የገባው የኦቾሎኒ ፋጉሎ ሻግቶ ነበር። ሻጋታው አስፐርጂለስ ፍላቨስ ይባላል። የሚያመነጨው መርዝ አፍላቶክሲን ተባለ። ዛሬ የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ይህን መርዝ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች ተርታ አስቀምጦታል። የሚያጠቃው ጉበትን ነው። ሄፓታይተስ ቢ የሚባለው የጉበት ቫይረስ ያለበት ሰው ላይ ሲደርስ አደጋው በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ለዚህም ነው የልጆቻችሁን የፔንታቫለንት ክትባት አታቋርጡ የምለው። ክትባቱ ከሚከላከላቸው አምስት በሽታዎች አንዱ ይሄው ሄፓታይተስ ቢ ነው።

በአንድ ጊዜ ብዙ ከተበላ ደግሞ ዓመታት አይጠብቅም። በ2004 እ.ኤ.አ. ጎረቤታችን ኬንያ ውስጥ እርጥብ እንደሆነ የተከማቸ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመሙ፤ 125ቱ ሞቱ። ዓይናቸው ቢጫ ሆነ፣ ሆዳቸው አበጠ፣ ጉበታቸው ሥራ አቆመ። ብዙዎቹ ከጓሮአቸው ያመረቱትን ነው የበሉት።

"እሳት ያየ ነገር ምን ይሆናል?" የሚል አለ። አፍላቶክሲን ተራ የወጥ ቤት እሳት አይበግረውም። ሻጋታው ይሞታል፤ መርዙ ግን አብዛኛው እዚያው ነው። ብትቀቅሉት፣ ብትጋግሩት፣ ገንፎ ብታገነፉት ያው ነው። ሻጋታውን አራግፎ ማጠብም መርዙን አያወጣውም።

ታዲያ የሻገተውን ምን እናደርገዋለን? አብዛኛው ሰው የሚለውን አውቃለሁ። "ለከብት እንስጠው፣ እህል ጡር አለው።" እህል እንደማይጣል እኔም ተምሬ ነው ያደግሁት። ግን ላም የሻገተ መኖ ስትበላ መርዙ መልኩን ቀይሮ በወተቷ ይወጣል። ያን ወተት የሚጠጣው ሕፃን ልጃችሁ ነው። አገራችን ውስጥ በወተት ላይ የተደረጉ ምርመራዎችም ጣታቸውን በዋናነት የቀሰሩት ወደ ኑግ ፋጉሎ ነው። ፋጉሎ ስትገዙ አሽትቱት፣ ቆርሳችሁ ውስጡን እዩት። ለዶሮም ቢሆን የሻገተ አትስጡ፤ ዶሮ ከከብት ይልቅ ቶሎ ትጎዳለች። በጣም የሻገተ እህል መቀበር አለበት። ይህን ስል እንደሚያም አውቃለሁ። ጡሩ ግን ያለው ልጅን ማብላቱ ላይ ይመስለኛል።

ከመጣል በፊት ግን እንዳይሻግት ማድረግ ይቻላል። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የበልግ እህል የሚያስቸግረው ክረምቱ ሳይጠብቀው ስለሚደርስ ነው። ታጭዶ ሳይደርቅ ዝናቡ ይመጣል። ገበሬው ቸኩሎ ያስገባዋል። ቆላው ላይ፣ ቃሉም በሉት ሐብሩም ቆቦም፣ ማሽላና በቆሎው ሙቀቱም አለበት። ማሽላ ጉድጓድ ውስጥ የምታስቀምጡ ካላችሁ ደግሞ ከጉድጓዱ ግድግዳ የሚጠጋው እህል እርጥበት ይስባል። ጉድጓዱ ሲከፈት ጠርዝ ላይ ተጋግሮ የሚገኘውን፣ የሚሸተውንና ቀለሙ የተለወጠውን ከመሃለኛው ጋር አትቀላቅሉት። ብዙ ቤት ተቀላቅሎ ለጠላ ይሆናል ይባላል። አይሆንም።

እህሉ መድረቁን ለማወቅ ብዙዎቻችሁ በጥርስ ትሰብራላችሁ። ጥሩ ነው። ከእሱ የተሻለ ግን አለ። ክዳን ያለው ደረቅ ጠርሙስ ውሰዱ። ውስጡ ከእህሉ ጭብጥ ያህል አድርጉ። ደረቅ የገበታ ጨው ጨምሩበት። ክደኑትና ደህና አድርጋችሁ ነቅንቁት። ከዚያ አስቀምጡትና ጠርሙሱን ከጎኑ እዩት። ጨው ግድግዳው ላይ ከተለጠፈ እህሉ ገና እርጥብ ነው፤ እርጥበቱ ከመቶ 15 በላይ ነው ማለት ነው። ጨው ሳይለጠፍ ታች ከቀረ ማስገባት ይቻላል። ጨው ራሱ እርጥበት የያዘ እንዳይሆን ቀድማችሁ ምጣድ ላይ አሞቁት፤ ሲቀዘቅዝ ተጠቀሙበት። ይሄ ምንም ወጪ የለውም። ዛሬ ማታ ቤታችሁ ሞክሩት።

ስታሰጡ ባዶ መሬት ላይ አይሁን፤ ሸራ አንጥፉ። መሬቱ እርጥበትም ፈንገስም ያቀብለዋል። ጆንያ በቀጥታ ወለል ላይ አይቀመጥ፣ ግድግዳም አያስደግፉት። ከሥሩ እንጨት ረብርቡለት። የሚችል አየር የማያስገባውን ባለ ሦስት ሽፋን ከረጢት ይግዛ። ግን በደንብ ያልደረቀ እህል እዚያ ውስጥ ከገባ ይብሳል።

እንጀራ ላይ በአጭሩ። ነጭም ሆነ አረንጓዴ ነጥብ የጣለ እንጀራ ነጥቡን ቆርሶ ሌላውን መብላት አይበጅም። የሚታየው ጫፉ ነው፤ ክሩ ለስላሳ ነገር ውስጥ ሩቅ ይሄዳል። የሻገተውን አድርቆ ድርቆሽ ማድረግ ደግሞ ጨርሶ መቅረት አለበት። ድርቆሽ የሚሠራው ሳይሻግት ነው። በክረምት ትንሽ ትንሽ ቶሎ ቶሎ ጋግሩ። ትኩሱን እንጀራ ሳይበርድ አትክደኑት፤ እንፋሎቱ ነው የሚያሻግተው።

አሁን ወደ ቤታችን ግድግዳ እንግባ። ደሴ ብርዳማ ናት። ለሁሉም ነገር ብርዱን እንወቅሳለን። ልጅ ሲያስል "ብርድ መቶት ነው"። ደረቱ ሲያፏጭ "ብርድ ነው"። እስቲ ነሐሴ ላይ ቁምሳጥናችሁን ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቃችሁ ጀርባውን እዩ። ጥግ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ ታገኛላችሁ። በጣታችሁ ስትነኩት ይቀባል። የልጆቹ አልጋ እዚያው ግድግዳ ሥር ነው። ብርዱ ደጅ ነው ያለው፤ ልጁ ሌሊቱን ሙሉ የሚተነፍሰው ግን ይሄን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እርጥበትና ሻጋታ ያለበት ቤት ውስጥ የሚኖር ሰው ለሳል፣ ለመተንፈሻ አካል ኢንፌክሽንና ለአስም መባባስ ይበልጥ እንደሚጋለጥ አስቀምጧል። ሮችዴል በምትባል የእንግሊዝ ከተማ በታኅሣሥ 2020 እ.ኤ.አ. የሁለት ዓመት ሕፃን ሞተ። በ2022 የተደረገው የሞት ምርመራ ምክንያቱ በመኖሪያ ቤቱ ውስጥ ለረጅም ጊዜ የቆየው ሻጋታ መሆኑን አረጋገጠ። አባትየው ቀደም ብሎ ሻጋታውን ሲያመለክት "ቀለም ቀባበት" ተብሎ ነበር። አገሩ ከዚያ በኋላ አከራዮችን የሚያስገድድ ሕግ አወጣ።

እኛስ? ወይ ለመውሊድ፣ ወይ መስከረም ሲጠባ ለመስቀል፣ ቤት እናሳምራለን። ሻጋታው ላይ ቀለም እንቀባለን። ወር ሳይሞላ ቀለሙን ልጦ ይወጣል። መጀመሪያ ውሃው ከየት እንደሚመጣ ፈልጉ። ቆርቆሮው ቀዳዳ አለው? ከጣሪያ የሚወርደው ውሃ ግድግዳው ሥር ይቆማል? ከጀርባ ያለው አፈር ከወለሉ ከፍ ብሎ እርጥበቱን ወደ ውስጥ ይልካል? ተዳፋት ላይ የተሠሩት የደሴ ቤቶች አብዛኛው ችግራቸው ይሄኛው ነው። ቤቱ ከኋላው ያለውን አፈር ተደግፎ ነው የቆመው። ቦይ ማውጣት ከቀለም ባልዲ ይሻላል።

ምንጩ ከተዘጋ በኋላ ትንሽ ቦታ ከሆነ ራሳችሁ ማጽዳት ትችላላችሁ። አፍና አፍንጫችሁን በማስክ ሸፍኑ፣ ጓንት አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ። በደረቁ አትፈግፍጉት፤ ዱቄቱ ይነሳና ትተነፍሱታላችሁ። በሳሙናና ውሃ አርጥባችሁ እሹት፣ ከዚያ በደንብ አድርቁት። በረኪና የምትጠቀሙ ከሆነ ከሌላ ማጽጃ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉት፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል። አስም ያለበት ሰው ይህን ሥራ አይሥራ። ሌላው ደግሞ፣ ቤት ይድረቅ ብላችሁ ከሰል አስገብታችሁ በር እንዳትዘጉ። ከሰል የሚያወጣው መርዛማ ጋዝ ሽታ ሳይኖረው ይገድላል። በዚህ ከተማ በየዓመቱ ክረምት ስጋቴ ነው።

ተከራይ ለሆናችሁ፣ አከራዩን በጨዋ ደንብ ጠይቁ። አከራይ ለሆናችሁ ደግሞ፣ ያ ግድግዳ ሥር የሚተኛው የሰው ልጅ ነው።

ወደ ሰውነታችን ውስጥ የሚገባውን ፈንገስ በሁለት ነገር ልጨርስ፤ ሳንባና ቆዳ።

ሰው ቲቢ ይዞት መድኃኒቱን ጨርሶ ይድናል። አንዳንዱ ሳንባ ውስጥ ግን ክፍተት ይቀራል። አስፐርጂለስ የሚባለው ፈንገስ ገብቶ እዚያ ሊኖር ይችላል። ከወራት ወይ ከዓመታት በኋላ ሳሉ ይመለሳል፣ ሰውየው ይከሳል፣ አክታው ደም ይቀላቅላል። ሁሉም "ቲቢው ተመለሰ" ይላል። አክታ ይመረመራል፤ የለም ይላል። ያም ሆኖ አንዳንዱ እንደገና የቲቢ መድኃኒት ይጀመርለታል። ፈንገሱ በቲቢ መድኃኒት አይነካም፤ የራሱ መድኃኒት አለው። ቲቢ ታክሞ የነበረ፣ ምርመራው ነጻ ብሎት ሳሉ ያልተወው ዘመድ ካላችሁ ሐኪሙን "ፈንገስ ይሆን እንዴ?" ብላችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር የለውም። ደም መጥቶ ከሆነ ነገ አትበሉ፤ ዛሬውኑ ሂዱ።

ኤችአይቪ በደማቸው ያለ፣ በተለይ መድኃኒት ያቋረጡ ሰዎች ደግሞ እየባሰ የሚሄድ ራስ ምታት ከያዛቸው ክሪፕቶኮከስ የሚባል ፈንገስ የአንጎል ሽፋን ላይ ደርሶ ሊሆን ይችላል። በዓለም ላይ በዓመት ከ100 ሺህ በላይ ሰው ይገድላል። በደም ቀድሞ የሚለይ ምርመራ አለ። ጸበልም ዱዓም መልካም ነው፤ ከሐኪም ቤት ጋር ይሁን።

ቆዳ ላይ፣ ጭርቱም ቋቁቻውም አይገድልም። ግን አንድ ነገር በጣም ያሳዝነኛል። ጭርት የያዘው ሰው ገበያ ወይ ሱቅ ሄዶ ያገኘውን ቅባት ይገዛል። ብዙዎቹ ቅባቶች ውስጥ ስቴሮይድ አለ። ማሳከኩ በሁለት ቀን ይጠፋል፣ ሰውየው ደስ ይለዋል። ፈንገሱ ግን ከሥር እየሰፋ ነው። ቅባቱን ሲያቆም በእጥፍ ይመለሳል፤ ፊት ላይ ከሆነ ቆዳው ይሳሳል። የልጆች የራስ ቆረቆር ደግሞ በቅባት ብቻ አይድንም። ፈንገሱ የፀጉሩ ሥር ውስጥ ስለገባ የሚዋጥ መድኃኒት ያስፈልገዋል። ፀጉር ቤት መላጫው ካልጸዳ አንዱ ልጅ ሰፈሩን ያዳርሳል።

ውዱእ የምታደርጉ ወገኖቼ፣ በቀን አምስቴ እግር መታጠብ ንጽሕና ነው። ካልሲ ከማጥለቃችሁ በፊት ግን በጣቶቻችሁ መሃል በጨርቅ አድርቁ። እርጥብ ሆኖ ሲታፈን ይነጣል፣ ይሰነጠቃል። ስኳር ያለበት ሰው ላይ በዚያ ስንጥቅ የሚገባው ባክቴሪያ እግር እስከማሳጣት ይደርሳል። ቦቲ ጫማ አድርጋችሁ የምትውሉም እንዲሁ።

ከተሰብሳቢዎቹ አንዲት እናት የጠየቁኝን ጨምሬ ላብቃ። "በርበሬስ? ሲፈጭ መቼ ይታወቃል?" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በርበሬ አፍላቶክሲን ከሚወዳቸው ነገሮች አንዱ ነው። ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ የሚረጭበትም አለ። እንዲህ አልኳቸው፤ ዛላውን ስትገዙ እጃችሁን እስከ ጆንያው ሥር ክተቱ፤ ከታች ቀዝቀዝና ለስለስ ካለ እርጥብ ነው። ሁለት ሦስት ዛላ ሰንጥቃችሁ ውስጡን እዩ። ፍሬው ላይ ግራጫ ወይ አረንጓዴ ዱቄት ካለ ተዉት፣ ቢረክስም ተዉት። ደህናውን ገዝታችሁ ፀሐይ ሲገኝ ሸራ ላይ አድርቁና ራሳችሁ አስፈጩ።